ለውሻው እብነ በረድ፣ ለእኛ የመኪና ማቆሚያ

ለክቡር ሚስተር ዴዝመንድ ክራድዊክ
የአውራጃችን የቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጃማይካ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባለቤትዎ መልካም ጤና እመኛለሁ፤ ባለፈው ወር ጭቃችን ውጦት በአሥራ አንድ ሰው ግፊያ የወጣው መኪናዎም እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የፔንሃሎው ኮረብታ ነዋሪዎች እስከ ሐሙስ ድረስ ደኅና ነን። ሐሙስ ዶዘርዎ ይመጣል።

እኔ ኤግበርት ፊንሊሰን ነኝ፤ መንደሩ አጎት ኤጊ ይለኛል። ማንበብ የተማርኩት ጨው ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ ደብዳቤዬ ዓሣ ዓሣ ቢሸትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሸንኮራ እርሻው ጌታና የሦስት መቶ ባሮች ባለቤት የነበሩትን የሟቹን የኦገስተስ ፔንሃሎውን ትልቅ ቤት አድሰው ለጎብኚ ሊከፍቱ መሆኑን ያነበብኩትም በዚያችው ንባቤ ነው። ከምስጋና ጋር ጥቂት አቤቱታዎች አሉኝ።

፩ኛ. በሩ ላይ ያሰቀሉት ጽሑፍ ሟቹን «የሠራተኞቻቸው አባት» ይላቸዋል። ግማሹ መንደር የእሳቸውን አፍንጫ ይዞ ስለሚዞር ሐሰት ነው አልልም። እናቶቹ ተጠይቀው እንደሆነ ብቻ አልተጻፈም።

፪ኛ. ሴሳር የተባለው የውሻቸው መቃብር እብነ በረዱ ታጥቦ፣ በብረት ታጥሮ፣ «ታማኝ ወዳጅ» የሚለው ጽሑፍ በወርቅ ቀለም ደምቋል። ውሻው ጥፋት የለበትም። ነፍስ ይማር።

፫ኛ. በመስታወት ሣጥን ውስጥ «የማገዶ መፍለጫ» ብለው ያስቀመጡት መጥረቢያ ማገዶ አይቶ አያውቅም። ይሰቀል የነበረው ከሸንኮራው መጭመቂያ አጠገብ ነው። እንቅልፍ ያሸነፋት ሴት ጣቷን ከሸንኮራው ጋር ለመጭመቂያው ስታጎርስ፣ ሥራው ሳይስተጓጎል ክንዷን ቆርጦ ለመገላገል ነበር። የአክስቴ የኢስሜልዳ ቅድመ አያት ኩዋሺባ በአሥራ አምስት ዓመቷ ግራ ክንዷን የተወችው እዚያ ነው። ቁስሏ ሳይደርቅ በቀኟ እንድታርም ወደ እርሻው መለሷት።

፬ኛ. አሁን ወደ ቁልቁለቱ ልምጣ፤ ከዚህ በኋላ መቀለድ ካቃተኝ ይታገሡኝ።

ከትልቁ ቤት ጀርባ ሐሙስ በዶዘር አስጠርገው መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ያሰቡት ቁልቁለት መቃብራችን ነው። ፔንሃሎው ድንጋዩን ለቤታቸው ስለፈለጉት ለሟቾቻችን ድንጋይ ከልክለው ነበር፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ሟች ራስጌ ፍሬው ቅል የሚሆን ዛፍ ተከልን። ቀያሽዎ «የዱር ዛፎች» ብሎ የመዘገበው እነዚያን ነው። ዱር እንዲህ በመስመር ሲሰለፍ ማየቱ ትንሽ እንኳ አላስደነቀውም።

ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። በእኛ ዘንድ ወደ መቃብር ጣት አይቀሰርም። የቀሰረ ጣት ይበሰብሳል፤ ተሳስቶ የቀሰረ ሰው አሥሩንም ጣቶቹን ነክሶ መቀሰሩን ይሽራል። ቀያሽዎ ይህን የት ያውቃል?

«እማማ፣ መቃብር ካለ በጣትዎ ያሳዩኝና ካርታው ላይ ነጥብ ላድርግ» አላት አክስቴን።

«አንተ ልጅ፣ ጣቴ ምን በደለህ?»

«ታዲያ የት ነው መቃብሩ?»

«የቆምክበት። ቀስ ብለህ እርገጥ።»

ወደ ሌሎቻችን ዞረ። ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ከተተ። እኔ፣ ቀልድ ካላወራሁ የማያስችለኝ ሽማግሌ፣ «የራስህን ጣት ተጠቀም እንጂ፣ ወጣት ነህ፣ ሌላ ይበቅልልሃል!» አልኩት። መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። እሱም አብሮን ስቆ «ነዋሪዎቹ አንድም መቃብር ማሳየት አልቻሉም» ብሎ ጻፈ። የዚያን ሳቅ ዕዳ እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ፤ ጸሐፊዎም ሦስቱንም ጊዜ በታላቅ ትሕትና «ካርታው ላይ ካልተጠቆመ መቃብር የለም ማለት ነው» አሉኝ።

አክስቴ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ሐኪሙም ከሳምንታት በላይ አልሰጣትም። ከእናቷ ዛፍ ጎን ያለው ቦታ ለእሷ ተጠብቆ ሃምሳ ዓመት ቆይቷል። የመኪና ማቆሚያውን ወሬ ከሰማች ወዲህ ምግብ አፏ አይገባም። ጠዋት ጠዋት «ኤጊ፣ ዛፉ አለ?» ትለኛለች። «አለ፣ አክስቴ» እላታለሁ። «ከእናቴ ጎን ነው የምተኛው አይደል? ከመኪና ጋር አታስተኙኝም አይደል?» ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ሐሙስ ጠዋት ምን ልበላት?

ስለዚህ ትናንት የካርታዎን ቅጂ ይዤ ወደ ቁልቁለቱ ሄድኩ። በእያንዳንዱ ዛፍ ፊት ቆሜ በሌባ ጣቴ ጠቆምኩ፤ ያንኑ ጣት ቀለም እየነከርኩ ካርታው ላይ አሳረፍኩ። ጎረቤቴ ሚስ ዞርሊን «ኤጊ፣ አበድክ እንዴ? ንከስ! ኧረ ጣትህን ንከስ!» እያለች ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አልነከስኩም። ብነክስ የጠቆምኩትን መሻር ይሆንብኛል። አርባ አንድ ናቸው። ኩዋሺባ ከላይ ሰባተኛዋ ናት። ከአርባ አንደኛው፣ ከእናቷ ዛፍ ጎን በእርሳስ የከበብኩት ባዶ ቦታ የአክስቴ ነው። ካርታው ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ እንግዲህ በጣት ተጠቁሞልዎታል።

ሟቹን አባታችን ብለው ስላስተዋወቁን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ ጎረቤት
ኤግበርት ፊንሊሰን

ማስታወሻ፦ ጣቴ መበስበስ ከጀመረ ለሙዚየምዎ በስጦታ እልከዋለሁ። ከመጥረቢያው አጠገብ ያስቀምጡት፤ ጽሑፉን ግን በዚህኛው እንኳ እኛ እንጻፈው።