ስልሳ ወንበሮችን መልሼ ስላለማዞር

ለተከበሩ የከተማችን የሕዝብ ውይይት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይም ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ የመክፈቻ ንግግሩን ብቻውን የተሸከመው ጉሮሮዎ እንዴት እንደሆነ ሳስበው እህል አልወርድ ብሎኛል። እኛ ተሰብሳቢዎቹ እጅግ ደህና ነን፤ መቀመጫችን ደንዝዞ ነበር፣ እሱም ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት እየተመለሰ ነው።

ይህን የምጽፍልዎ ከአጥሩ በታች ያለሁት አናጢ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ ሥራዬን ግን ተቀምጠውበታል። አምስት ጥፋቶቼን ዘርዝረው የጻፉልኝን ደብዳቤ ማክሰኞ ዕለት አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ተለጥፎ ስላገኘሁት፣ እኔም መልሴን እዚያው አጠገቡ መለጠፍ ከጨዋ ሰው የሚጠበቅ መስሎ ታይቶኛል። እኛ ባይሆንልን እንኳ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሆነው ይወያዩ።

ትእዛዝዎን በሚገባ ተረድቻለሁ። እስከ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ በአዳራሹ ያሉትን ስልሳ ወንበሮች ወደ መድረኩ መልሼ አዞራለሁ፤ ከዚያም “ውይይቱ ያለ ምንም ንግግር በሰላም ተጠናቋል” በሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ እፈርማለሁ፤ አሻፈረኝ ካልኩ የሥራ ፈቃዴ ይሰረዛል። አራት ልጆች የማሳድግበት ፈቃድ ስለሆነ ነገሩን በቀልድ አላየሁትም።

በዚህ በር ሲያልፍ ቆሞ ለሚያነብ እንግዳ ሰው ጥቂት ላስረዳ፣ ክቡርነትዎ ይታገሱኝ፤ እኛም ታግሰንዎታል። የዛሬ ሁለት ዓመት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲወራወር ሰነበተ። ማን እንደጀመረው ዛሬም ድረስ ሁለቱም ሰፈር በእርግጠኝነት ያውቃል። በሦስተኛው ቀን እኔና ታናሽ ወንድሜ ከአባታችን ወርሰን አብረን የምንሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ተቃጠለ። እርስዎም ሁለቱን ሰፈሮች በሚለየው መንገድ መሐል ለሦስት ሳምንት ብቻ የሚቆይ የሽቦ አጥር አስተከሉ። አጥሩ ደህና ነው፤ በቅርቡ እንኳ ቀለም ተቀብቷል። የወንድሜ መኖሪያ በላይ፣ የእኔ በታች ስለነበር እሱ የላዩ አናጢ፣ እኔ የታቹ አናጢ ሆነን ቀረን። ቤቱ ከመቃጠሉ በፊት የአባታችንን መላጊያና ሌላውንም መሣሪያ ተሸክሞ ሲወጣ ያዩት ሰዎች ነግረውኝ ስለነበር፣ እሳቱ እንደሚመጣ እያወቀ እኔን ትቶ ዕቃውን ዘረፈ ብዬ በየደረስኩበት ሌባ አልኩት። እሱም ሰማ። ሆድና ጀርባ ሆነን ሁለት ዓመት ኖርን።

አሁን ወደ ጥፋቶቼ ልምጣ።

አንደኛ፤ ወንበሮቹን ከወለሉ ጋር በሚስማር እንድመታ ታዝዤ ሳለ በብሎን አስሬያለሁ ተብሏል። አምናለሁ። ከቅዳሜው በፊት በነበረው ስብሰባ አንድ ወንበር ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥቶ ያለ ፈቃድ ወደ መድረኩ ስለተጓዘ ወንበሮቹ እንዳይነቃነቁ መፈለግዎን እረዳለሁ። ነገር ግን ሚስማር ሲነቀል እንጨት ይሰነጥቃል፤ እኔ ደግሞ ደህና እንጨት ሲሰነጠቅ ማየት አልወድም። አባቴ እንዲያ አሳደገኝ፤ ክሱን ለእሱ ያድርሱልኝ።

በዚሁ አጋጣሚ ያልከሰሱኝን አንድ ጥፋት እኔው ልጨምርልዎ። መድረኩን መጀመሪያ ያዘዙት ወንድሜን ነበር። ቁመቱን ሲሰማ፣ ሰው ወደ ላይ አንጋጦ ይጸልያል እንጂ አይወያይም ብሎ እምቢ አለ። እኔም እሱ እምቢ ማለቱን ስሰማ በእልህ ተቀበልኩና አንድ ስንዝር ጨምሬ ሠራሁት። በሌላ ጊዜ ደግሞ ቁልፍ የማይሠራለት የጥያቄ ማስገቢያ ሣጥን እንድሠራ ጠይቀውኝ፣ የማይከፈት ሣጥን ሬሳ ሣጥን ነው ብዬ ስመልስዎ፣ ወንድሜ በማግስቱ በቫርኒሽ አሳምሮ አስረከበዎ። እንዲህ ነበር የምንኖረው። አንዳችን እምቢ ያልነውን ሌላችን አሳምረን እንሠራልዎ ነበር፤ አጥሩን ያለ ፈቃድ ወረቀት የሚሻገረው የእርስዎ ተላላኪ ብቻ ስለነበር ጉዳዩ ምን ያህል እንደተመቸዎ ይገባኛል።

ሁለተኛ፤ የመንግሥት ንብረት የሆነውን ባጅ አጥምሜያለሁ ተብሏል። አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ካቻቢቴዬን፣ ሜትሬን፣ ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን ሳይቀር ተቀብሎ፣ በምትኩ “ተወያይ” የሚል የቆርቆሮ ባጅ ደረቴ ላይ ሰካልኝ። ንግግርዎን ጨርሰው ከክቡራን እንግዶች ጋር ለሻይ ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ውይይቱ እንዳይቋረጥ በማለት በሩ ተቆለፈብን። ስልሳ ሰው ባዶ መድረክ ላይ አፍጥጦ፣ አንዱ የሌላውን ማጅራት እያየ ቀረ። የላዩንና የታቹን ሰው አሰባጥረው ማስቀመጥዎን ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የላይ ሰፈር ሰዎችን ማጅራት በቅርብ ለማየት በቅቻለሁ፤ ከእኛ ማጅራት በምንም አይለይም።

ታዲያ ከኋላዬ አንድ ሰው ሳለ። የመጋዝ ብናኝ የለመደ ሳል ነው፤ ሁለቴ አጠር አጠር፣ አንዴ ረዘም። ያን ሳል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ወንድሜን ልክ ከኋላዬ አስቀምጠውት ኖሯል። ዞሬ እንዳላየው ወንበሩ አይዞርም፣ አንገቴን እንዳልጠመዝዝ ኩራቴ አልፈቀደም፤ ክቡርነትዎ፣ ጆሮዬ እስከ ጫፉ ድረስ ጋለ።

በዚህ መሐል ከጎኔ የተቀመጡት፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ ከአዳራሹ ግማሹን በገዛ እጃቸው ተቀብለው ወደዚህ ዓለም ያስገቡት እማማ፣ የማን ልጅ የት እንደተቀመጠ ለማየት ሲጠማዘዙ አንገታቸውን አመማቸው። ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ይህን ወንበር የሠራኸው አንተ አይደለህ እንዴ፣ በል አዙርልኝ አሉኝ። እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? እኔንም ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። መፍቻ ስፈልግ እጄ ደረቴ ላይ አረፈ። የባጅዎ ጠርዝ በብሎኑ ራስ ስንጥቅ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ፤ ለሌላ ነገር ስላልጠቀመን ለዚህ መጥቀሙ አስደስቶኛል።

ሦስተኛ፤ በውይይቱ ወቅት ከፕሮግራም ውጭ ተናግሬያለሁ ተብሏል። ይህኛው ከባድ ክስ ስለሆነ በዝርዝር እመልሳለሁ። የእማማን ወንበር አዙሬ ወደ ራሴ ስመለስ አራተኛው ብሎን አልላላ አለኝ፤ ባጄም ተጣመመ። በዚህ ጊዜ ከኋላዬ አንድ እጅ ሌላ ባጅ ይዞ ተዘረጋና፣ ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ፣ ወደ ግራ ነው የሚፈታው፣ ድሮም እጅህ ጠማማ ነው አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከወንድሜ አፍ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ወደ ቀኝ ስታገል መቆየቴን በመሐላ አረጋግጣለሁ።

ወንበሩን አዞርኩ። ጉልበት ለጉልበት ገጠምን። ጢሙ ሸብቷል። እኔም ሰላም ማለት ሲገባኝ፣ መላጊያውን የት አደረስከው ብዬ ጮህኩበት። ያን ዕለት እኔ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ላመጣ ሄጄ ሳለ፣ ጋዝ የያዙ ሰዎች ሊመጡ ነው ሲባል ሰምቶ በጓሮ በኩል ገብቶ ነበር አለኝ። እኔን ፈልጎ ሲያጣኝ መሣሪያውን በራሱ ተሸክሞ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አወጣ። ለአራተኛው ሲመለስ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ወዲያ ማዶ ቆሞ ቤታችን ሲቃጠል አየ። በነጋታው አጥሩ ተተከለ። ዕቃህ እኔ ጋ ነው በሉልኝ ብሎ የአጥሩን ጠባቂ ቢለምን፣ መልእክት ማስተላለፍ ክልክል ነው ተባለ። ወዲያው ደግሞ እኔ ሌባ ማለቴ ደረሰው፤ የእሱም እልህ ከእኔ አያንስም። መላጊያውን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ዘይት ሲቀባው ኖሯል፣ ዝገት እንዳይነካው።

አለቀስኩ፣ ክቡርነትዎ። ከፕሮግራም ውጭ ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አራተኛ፤ ደብዳቤዎ ከሦስት ዘሎ አምስት ስለሚል አራተኛው ጥፋቴ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ቢሆንም በጣም ተጸጽቻለሁ።

አምስተኛ፤ ሌሎችን ለአድማ አነሣሥቻለሁ ተብሏል። ማንንም አላነሣሣሁም። ሰው የእማማን ወንበር አየ፣ ደረቱን አየ፣ ባጁን ነቅሎ ብሎኑን ፈታ፤ ስልሳውም ወንበር ተጎትቶ አንድ ክብ ሆነ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት መስኮቷን ከሰበረው ሰው ጋር ተፋጠጠች። ባለ ታክሲውና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሊያያዙ ሲሉ እማማ ሁለታችሁንም ራቁታችሁን ነው የማውቃችሁ ብለው አስቀመጧቸው። ጩኸት ነበር፣ ስድብ ነበር፣ ውሸታም ነህ የሚልም ነበር፤ ሁሉም የታረቀ እንዳይመስልዎ፣ እስካሁን ሰላም የማይባባሉ አሉ። ነገር ግን ከተፈቱት ስልሳ ወንበሮች አንድም አልተወረወረም፤ የተቀመጠበትን ወንበር የሚወረውር ሰው የለምና። እርስዎ ከሻይ ተመልሰው በዋዜማው የተጻፈውን የአቋም መግለጫ ለጀርባችን ሲያነቡልን፣ “ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተነጋግረዋል” የሚለው ዓረፍተ ነገር ሳይታሰብ እውነት ሆኖ ተገኘ። እንኳን ደስ ያለዎ።

ስንወጣ ዘበኛው ካቻቢቴዬን መለሰልኝ። ያልታሰረ ወንበር ለሰው አደገኛ ስለሆነ፣ እኔና ወንድሜ ተመልሰን ገብተን ስልሳውንም በክቡ እንደቆሙ ከወለሉ ጋር ጥርቅም አድርገን አሰርናቸው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ሄደው ማየት ይችላሉ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ስለ ሰኞው ትእዛዝ በታላቅ አክብሮት የምመልስዎ ይህ ነው፦ አላዞርም። ቃለ ጉባኤውም ላይ አልፈርምም፤ ተናግሬያለሁና። ፈቃዴን ሊሰርዙ ይችላሉ፤ ፈርቼ እንዳልፈራሁ አላስመስልም፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው። እኔ እምቢ ስል እንደ ወትሮው ወደ ላዩ አናጢ ተላላኪዎን እንደሚልኩ አውቃለሁ። ድካሙን ልቀንስልዎ። በከተማው ያለን አናጢዎች ሁለት ብቻ ነን፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሁለተኛው አጠገቤ ቆሞ ፊደሌን እያረመ ነው። መላጊያውን እሁድ ዕለት በአጥሩ አናት ላይ አቀብሎኝ፣ ቀጥሎ ራሱ ዘሎ መጣ። አጥሩን ስለ መንቀል የሚያስቡ ከሆነ ግን ሁለታችንም ዝግጁ ነን፣ በአንድ ቀን እንጨርስልዎታለን።

ረጅም ዕድሜ፣ የማያቋርጥ ድምፅና የማይደክም ማይክሮፎን እየተመኘሁ፣ ባደራጁት ታላቅ ውይይት ምክንያት ወንድም ያገኘሁት፣

የታቹ አናጢ
(የላዩም አናጢ ተስማምቶበታል)

ማሳሰቢያ፦ በመድረኩ ላይ ያለውን የእርስዎን ወንበርም የሠራሁት እኔ ነኝ። ከስልሳ አንዱ ወንበሮች መካከል በብሎን ያልታሰረው እሱ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንሥቶ ሊያወርደው ይችላል። ከክቡ ውስጥ በዳቦ ቤቷ ባለቤትና በባለ ታክሲው መካከል አንድ ክፍት ቦታ ትተንልዎታል። ደረጃውን ሲወርዱ ግን ይጠንቀቁ፤ መድረኩን በእልህ አንድ ስንዝር አስረዝሜዋለሁ።