ወደ ላይ የፈሰሰው ጠብታ

ውድ ዌንዴል፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ትናንት የሆነውን ከአባትህ አፍ ብትሰማው በእሱ ልክ ተሰፍቶ ነው የሚደርስህ፤ ስለዚህ ከእኔ ስማው።

የወይዘሮ ኦፓልን ቀይ ቼቬል መኪና አትረሳትም። የ69 ሞዴል፣ ሟች ባሏ ከፋብሪካ እንደወጣች የገዛት። አንድም ዕቃዋ አለመቀየሩ ነበር የባልቴቷ ኩራት። በአባትህ ጋራዥ የመኪናዋን የፊት እግር ፈትቼ ያጠብኩት፣ መልሼም የገጠምኩት እኔ ነኝ። በነሐሴው የቶሊዶ የድሮ መኪና ትርኢት ዳኛው በጀርባው ተንፏቆ ከሥሯ ገባና የግራ ጎማዋን የሚሸከመውን የታችኛውን ብረት፣ ብራቾውን፣ በባትሪ ሲያይ ቆየ።

"ይሄ ቅጂ ነው" አለ። "ዋናውን አንድ ሰው ወስዶታል።"

ዋናው ብራቾ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንዴት እንደሚፈለግ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። አባትህ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ "የፈታችው ኢንጂነሪቷ ናት፤ እሷን ጠይቋት! ሌብነትንም በዲግሪ ነው መሰለኝ የሚያስተምሩት" አለ። ሰው ሳቀ። አንተ ቋሊማ ያለበት ዳቦህን እንደያዝክ ጫማህን ታይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እስከ ዲትሮይት ድረስ ሥራ ፍለጋ ባንኳኳሁት ጋራዥ ሁሉ ስሜ ቀድሞኝ ደርሷል። እናቴ ሳትቀር፣ "ምናልባት ሳታውቂ ከሌላ መኪና ጋር አቀያይረሽው ይሆን?" አለችኝ። ይሄን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት አንተን ነው፤ ዌንዴል በእውነት ሰረቀች ብሎ አምኖ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው ወር ደውለህ፣ "አባዬን ይቅርታ በይውና ይለፍ" ያልከኝ ጊዜ፣ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እንኳን አላልኩ!

በምትኩ ወይዘሮ ኦፓል ቤት ሄጄ፣ ብራቾው በዳኛው ፊት ይፈታልኝ ብዬ ለመንኳት።

"አንቺ ልጅ፣ ዋሽተሽኝ ከሆነ በመፍቻው ነው አናትሽን የምልሽ።"

"ትልቁን መፍቻ ይያዙ እንጂ፣ እማማ ኦፓል" አልኳት።

ትናንት በእሷ ግቢ ተሰበሰብን። አባትህም ተጠርቶ መጣ፤ እጁን አጣጥፎ ፈገግ ይላል። ጥምዝምዙን ሞላ ጨምቄ አወጣሁትና ሞላው ስለሚሸፍነው ከውጪ እጅ የማይደርስበትን የብራቾውን ጎድጓዳ ለዳኛው አሳየሁት። ውስጡ በደንብ አልታይ ሲለው ባለረጅም እጀታ መስታወቴን አዋስኩት።

ይሄን አንተም ተምረኸዋል። ያኔ ፋብሪካው ውስጥ ብራቾውን ገልብጠው በመንጠቆ ይሰቅሉታል፣ ጥቁር ቀለም ውስጥ ይነክሩታል፣ እንደተንጠለጠለ ይደርቃል። ቀለሙ እንደ እንባ ወርዶ እዚያው ይረጋል። መኪናው ላይ ሲገጠም ደግሞ ተመልሶ ስለሚገለበጥ፣ ጠብታው ወደ ሰማይ የሚወጣ ይመስላል። ቅጂ የሚሠሩት ቀለም ይረጫሉ እንጂ አይነክሩም።

ዳኛው መስታወቱን አዞረው፣ እንደገና አዞረው።

"ወደ ላይ ፈሷል" አለ ቀስ ብሎ።

"ምኑ?" አለች ወይዘሮ ኦፓል።

"ቀለሙ። ወይዘሮ፣ ይሄ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ነው።"

"ታዲያ ውጪው ምነው እንደ ሕፃን ቂጥ ለሰለሰ?"

ሁላችንም አባትህን አየነው። አንገቱ ቀላ።

"እና ለውድድር የሚቀርብ መኪና ንፍጡን አዝረክርኮ ይምጣ?" ብሎ ጮኸ። "ያ ጠብታ ሁሉ አስጠላኝ! በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ቀለም ነፋሁበት፤ ቀኙን ላሸው ስል ሰዓቱ ደረሰ። ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ዌንዴልም መብራት ይዞልኝ ነበር።"

መብራት ይዘህለት ነበር።

ዳኛው ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ በመኪና ክለቡ ስብሰባ ላይ ቆሞ ሁሉንም እንደሚናገር ቃል ገባ። ወይዘሮ ኦፓል ለአባትህ፣ "ግሬዲ፣ ከግቢዬ ውጣ፤ ስትወጣ አበባዬን እንዳትረግጥ" አለችው። ለእኔ የቼቬሏን ቁልፍ ወረወረችልኝ፤ የቀረውን ሥራ እዚያው እሷ ግቢ ባለው መጋዘን እንድጨርሰው። በሩ ላይ ስሜን መጻፍ እንደምችልም ነገረችኝ፣ "ትልቅ አድርገሽ" ብላ።

በንዴት እበግናለሁ ብዬ ነበር። ግን ቤቴ ገብቼ እንደተቀመጥኩ የመጣብኝ ሳቅ ነው፤ ከባድ ጫማ አውልቄ እግሬን የዘረጋሁ ያህል ቀለለኝ። ስንት ወር ሙሉ "አምኖ ይሆን?" እያልኩ የተብሰለሰልኩበት ጥያቄ መልስ አገኘ። ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልተጠራጠርከኝም ዌንዴል። እውነቱን ታውቅ ነበር፣ ቋሊማህንም ትበላ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው መናፈቅ አይቻልም፤ ሞክሬው እምቢ አለኝ።

የእጮኝነት ቀለበትህ ፖስታው ውስጥ አለልህ። ያቺን ባለረጅም እጀታ መስታወት ግን አልመልስም። ለልደቴ ስትሰጠኝ፣ "ሰው የማያየውን እንድታዪበት" ብለኸኝ ነበር። እያየሁበት ነው።

ስሟን ያስመለሰችው
ኮሪን