«አርፏል» ያልነው መሬት

ለንጹሕ ነዳጅ የልቀት ስሌት መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ቀኑን ሙሉ ሲደምርልን ለሚውለው ኮምፒውተርዎ ጭምር ጤና እመኛለሁ። እኔ በከተማው አውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነኝ። ከሸንኮራ አገዳ በተሠራው ነዳጅዎ የሚሄዱትን፣ ጎናቸው ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለባቸውን አውቶቡሶች የምጠግነው እኔ ስሆን፣ አገዳው የበቀለበት መሬት ደግሞ የአባቴ ማሳ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬ ከሁለት በኩል ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቀያሽዎ ትጋት አመሰግናለሁ። አባቴ ማሳቸውን ሁለት ዓመት ባቄላ ዘርተው በሦስተኛው ያሳርፉት ነበር፤ ቀያሽዎ የመጣው እንግዲህ በሦስተኛው ነው። ይህ መሬት እንዴት ነው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ዘንድሮ አርፏል አሉት። ቅጹ ላይ «የሚታረስ»፣ «ደን» እና «ሙት» ከሚሉት ሳጥኖች በቀር ሌላ አልነበረምና፣ ሰውዬው አንገቱን ሰበር አድርጎ «ሙት» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ነፍስ ይማር አለማለቱ ብቻ ቅር አሰኝቶኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሒሳብዎ ንጽሕና አመሰግናለሁ። የሚታረስ መሬት ወይም ደን ለአገዳ ሲባል ከተነካ፣ በዚያ ሰበብ የሚመጣው ጭስ ሁሉ በነዳጁ ላይ እንደሚታሰብ ደንብዎ ይናገራል፤ ሙት መሬት ግን ምንም ስላልነበረበት ዜሮ ነው። ማሳችን ለአገዳ ተሰጠ፤ በዚህ ዜሮም ነዳጅዎ የንጽሕና ምስክር ወረቀት አገኘ። ፎቶኮፒው ጋራዣችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ እጄን በታጠብኩ ቁጥር አነበዋለሁ።

ሦስተኛው ግን ያንገበግበኛል፣ በምስጋና ልሸፋፍነው አልቻልኩም። ከማሳቸው የተነሡት አባቴና እናቴ አየር በልተው ማደር አይችሉምና፣ ዳገቱን ወጥተው ከደኑ ጥግ መነጠሩ፣ አቃጠሉ፣ ባቄላቸውን እዚያ ዘሩ። ያ ዛፍ የወደቀው አገዳዎ ባቄላችንን ስላባረረው መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይህንኑ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ባመለክት፣ ባለሙያዎ የደኑ ጭስ ሌላ መዝገብ እንዳለው፣ መዝገቡም የተከፈተው በነዳጁ ሳይሆን በአባቴ ስም መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው! በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ አንድ ቀን እንኳ መኪና ሳይነዱ፣ አባቴ አየር በካይ ተባሉ። አሁን ደግሞ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የዳገቱን ቦታ ይልቀቁ የሚል ማዘዣ ከቢሮዎ በስማቸው ደርሶናል፤ ባቄላው ገና አበባ ላይ ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። ቅጽዎ ላይ «ያረፈ» የሚል አንድ ሳጥን ይጨመር፤ የዳገቱም ጭስ ወደ እውነተኛ ባለቤቱ፣ ወደ ነዳጁ መዝገብ ይመለስ። ይህ ከበዛብዎ፣ ባቄላው እስኪደርስ እንኳ ማዘዣው ይቆይልን፤ እናቴ ከዚያ ሌላ የሚበሉት የላቸውም።

ግራሶ የነካውን እጄን ከወረቀትዎ ራቅ አድርጌ፣ ወገቤ እስኪታጠፍ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣

የንጹሕ አውቶቡስዎ መካኒክ፣ የሙት መሬት ወራሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልነግርዎ ረስቼው ነበር፤ ማዘዣው የደረሰን አባቴ ባረፉ በስምንተኛው ቀን ነው። ያረፈውን መሬት ሞቷል ብላችሁ ጻፋችሁ፤ ያረፉትን አባቴን ግን ተነሥተው እንዲወጡ አዘዛችኋቸው።