በጠራራ ፀሐይ የተደረበ ሹራብ

ለታናሽ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ለወጉ አይደለም የምጠይቅሽ።

እኛ ደህና ነን፤ እማዬን ግን በድያታለሁ። ኮሌስትሮሏ አልወርድ ሲል ተደብቃ የምትበላ መስሎኝ ቅቤውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌባት ነበር። «ልጆቼን ይንሳኝ፣ አልቀመስኩም!» ብትል ማን ሰምቷት። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርባ ስፌት መኪናዋ ላይ ስታንቀላፋም እርጅና ነው አልኩ።

አዲሷ ሐኪም ግን አንገቷን ዳብሳ «ብርድ ብርድ ይልዎታል?» አለቻት። ደሟ ሲመረመር፣ አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ ሰንፎባት ኖሯል፤ እሱ ሲሰንፍ ጉበት ኮሌስትሮሉን ከደም ማጽዳት ያቅተዋል አለችን። ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ኮሌስትሮሏ ወርዷል፤ እኔን መቆጣትም ጀምራለች።

የላክሽልኝን የመሥሪያ ቤትሽን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ሁሉም እጅጌ ጉርድ ለብሰው አንቺ ብቻ ሹራብ ደርበሻል። «ቅባት ቀንሺ ተባልኩ» ያልሽኝስ፣ ቀንሰሽ ኮሌስትሮልሽ ወረደልሽ? የእማዬን ምርመራ ስም ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሻለሁ።

እማዬ «ዛሬም ቁም ሳጥኑን የምትቆልፊው ምን ቀርቶ ነው?» ትለኛለች። እዚያ ያስቀመጥኩትን ፎቶሽን እንዳታይ ነው።

ደህና ሁኚልኝ። ይህንንም ለወጉ አላልኩም።

ታላቅ እህትሽ