ቦራን ጋሪ አስጎተትኩት

አያሌው ዓለሜ፣

እንደምን ከረምክ? ከተለያየን ሁለት ጊዜ ድንች ተክለን ሁለት ጊዜ ቆፍረናል፤ ሦስተኛውን ገና ሰሞኑን ተከልን። እኔ ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁ ብልህ አታምነኝም፤ ግን ወፍሬያለሁ። የደጁን አጥር በአዲስ ቀርከሃ አሳጠርኩት። ዝናብ በመጣ ቁጥር ነገ እጠግነዋለሁ ስትለው የኖርከው የጣሪያ ቀዳዳም ተደፈነ። ልጃችን ሰላም ዳንግላ ከተማ አስተማሪ ሆናለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣና ልክ እንዳንተ አድርጋ ትቆጣኛለች።

ይህን የምጽፍልህ ግን ለወሬ ብቻ አይደለም፤ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ልትለየን ሰሞን እጄን ይዘህ ያስማልከኝ ስለ እኔ ወይም ስለ ልጅህ አልነበረም፤ ስለ ፈረስህ ነበር። ቦራን ጋሪ እንዳታስጎትቺው አልከኝ። ማልኩልህ፤ ትንሽም ቀናሁ። ቦራ ለበዓልና ለለቅሶ እንጂ ለጭነት አልተፈጠረም ትል ነበር። በበዓል ቀን ግላሱን አልብሰህ፣ ቃጭሉን አንገቱ ላይ አስረህ ወደ እንጅባራ ስትሄድ መንደሩ ሁሉ በድምፁ ያውቅህ ነበር። በቀብርህ ዕለትም ያንኑ ጌጡን ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ሲመራ ሰዉን ከእኔ ይልቅ ያስለቀሰው እሱ ነው።

ባለፈው መጋቢት ምን ሆነ መሰለህ። ከታች መንደር አንዱ ከሰል ሊያወጣ ብሎ ክምሩን በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ነፋስ ከፈተው። ይህ ሥራ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ እንደሚሠራ አንተ ስንቱን መክረሃል። ፍሙ ሣሩን ያዘ፣ ሣሩ ለከሰል የተከልነውን የዲከረንስ ዛፍ ደን ያዘ፣ እሳቱም ሽቅብ ወደ እኛ መጣ። ወንዱ ሁሉ ቅርንጫፍ እየዘነጠፈ እሳት ሊመታ ሮጠ። እኛ ሴቶቹ ልጆችንና ከብቱን ወንዙን አሻገርን። ዳገቱ ጫፍ ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ዓይነ ስውሯ እማማ ጥሩዬና ጎረቤታቸው ባንቺ፣ የሳምንት አራስ። ባጃጅ ያን ዳገት አይወጣም። የደሳለኝ ጋሪ ነበረች፤ ፈረሱ ግን ሰኮናው ቆስሎ ያነክሳል። ደህና ፈረስ የነበረው እኛ ደጅ ብቻ ነው።

ጢሱን አየሁ፣ መሐላዬን አሰብኩ፣ ደጄ ተመልሼ ቦራን ፈታሁት።

እሱ ደግሞ ያሳደገው አንተ አይደለህ፣ ኩሩ ነው። ጋሪዋ ላይ ሲጠመድ አንዴ በእግሩ ጠለዛትና አልንቀሳቀስም ብሎ ቆመ። ደሳለኝ ለመነው፣ ሰደበው፣ ሊገርፈውም ቃጣ። ጢሱ እየቀረበ ነው። ያን ጊዜ ቦራ ያለ ጌጡ ሰው ፊት ወጥቶ እንደማያውቅ ትዝ አለኝ። ግላሱን ከሣጥን አውጥቼ ከማሰሪያው ላይ ደረብኩለት፤ ቃጭሉንም አንገቱ ላይ አሰርኩለት። አንገቱን ቀና አደረገና በዓል የመጣ መስሎት መራመድ ጀመረ። ሰው ከእሳት ሲሸሽ እኔ ያጌጠ ፈረስ ይዤ ወደ እሳቱ ስወጣ ያየኝ ሁሉ፣ አበደች ሳይል አልቀረም።

ባንቺ ሕፃኗን ታቅፋ ወዲያው ወጣች። እማማ ጥሩዬ ግን መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። እኔን አሮጊቷን ለመሸከም ብሎ ሰው አይቃጠል ብለው የቀበሌውን ሰው መልሰውታል። እኔም እያለቀስኩ ለመንኳቸው፤ አልሰሙኝም። ቤቱ ጢስ እየሞላ ነው፤ ጥያቸው ልወጣ ነው ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። ይሄኔ ቦራ ደጅ ላይ ራሱን ነቀነቀና ቃጭሉ ጮኸ። እማማ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ከዚያ ዱላቸውን በእጃቸው ፈልገው ተነሡ።

«አያሌው ፈረሱን ልኮልኝ እንቢ እላለሁ እንዴ?»

ዘንግተው አይደለም። ቀብርህ ላይ አብረውኝ አልቅሰዋል።

ወንዙን ስንሻገር ማዶ ያሉት ሴቶች እልል አሉ፤ ቦራ ለራሱ መስሎት ባሰበት፣ ተንጎራደደ። ሲመሻሽ እሳቱ በሰው ብርታት ቆመ። ሰው አልሞተም። የእማማ ቤት ግን ተቃጠለ። መንደሩ ክረምት ሳይገባ ሊሠራላቸው እንጨት እያጠራቀመ ነው፤ እስከዚያ ከእኔ ጋር ናቸው። ወጥሽ ጨው በዛበት እያሉ ያማርሩኛል፤ ሦስት ጊዜ ግን ያስጨምሩኛል።

ለንስሐ አባቴ መሐላ አፍርሻለሁ ብዬ ተናዘዝኩ። ሣቃቸውን እየዋጡ ሃያ ስግደት ሰጡኝ፤ ጉልበቴን እያመመኝ ጨረስኩት። አንተን ግን ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተም ብትሆን ታደርገው ነበር። የጋሪው ማሰሪያ ቦራን ደረቱ ላይ ልጦት ነበር፤ ቁስሉ ሲድን ፀጉሩ ነጭ ሆኖ በቀለ። የግንባሩን ነጭ ደረቱ ላይ ደገመው። ያምርበታል።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መሐላዬን አይተኸዋል። ደግሞስ መርሳትን ማን ፈቅዶልኝ? እማማ ጥሩዬ ጠዋት ጠዋት ገና ከመኝታቸው ሳይነሡ የአያሌውን ቃጭል አሰሚኝ ይሉኛል። ከሚስማሩ አውርጄ አቃጭልላቸዋለሁ። ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰሙና «ደህና አድሯል» ይላሉ።

እኔም ቃጭሉን ወደ ቦታው እየመለስኩ፣ እንዴት አደርክ እልሃለሁ።

ያንተው እናኑ