ስሙን የማንጠራበት ዓመት

ማርች 11

ጠዋት የካንጋሮ ጭራ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ፍሙን አለበስኩት። ሙቀቱ ዛሬም አልበረደም። እህቴ ኤልሲ ዱቄት ልታመጣ ሱቅ ሄደች። ባዶ እጇን ተመለሰች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ነበሩ። መጥተው አጠገቤ አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

"ምን ሆናችኋል?" አልኩ።

"ማቪስ... ልጃችን" አለች ኤልሲ። "አዴላይድ። ሆቴል ውስጥ። ልቡ ነው አሉ። ሞተ።"

"በየትኛው ፊልም?" አልኳት።

እውነቴን ነው፣ እንዲያ ነው ያልኩት። በፊልም ስንት ጊዜ ገድለውታል እኮ! በጥይት፣ በጎርፍ፣ በእስር ቤት። ስልክ ይደውልና "እማ፣ ዘንድሮም ገደሉኝ፣ እንዳትደነግጪ" ይለኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ በጥይት ሲመታ አይቼ በጩኸት አገር ሳናውጥ፣ እሱ ራሱ ከጎኔ ተቀምጦ በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። "አለሁ እኮ! ንኪኝ!"

ኤልሲ የሐዘኑን ነጭ አፈር በውሃ በጥብጣ ግንባሬን ቀባችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።

ማርች 14

ፀጉሬን ተላጨሁ። እንደ ደንባችን ሐዘን የገባበትን ቤት ለቀን ወጣን። ከደረቁ ወንዝ ማዶ ሸራ ወጥረናል። ፎቶዎቹን ኤልሲ ጀርባቸውን አዞረቻቸው። ዘፈኖቹን ማንም አይከፍትም። ስሙም ተዘጋ። እኛ ዘመዶቹ እስክንመልሰው ድረስ እንደ ሌሎቹ ሙታን ኩማንጃይ፣ ስሙ የማይጠራው፣ ነው የሚባለው።

ደብተሩን የሰጠችኝ የክሊኒኳ ነርስ ናት። "መናገር ካቃተሽ ጻፊ" አለችኝ። የሚሲዮን መነኮሳት ያስተማሩኝ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ እጄ ቀርፋፋ ነው። ስሙን መጻፍስ እንደ መጥራት ይቆጠራል? አላውቅም። ስለዚህ አልጽፈውም።

ማርች 29

ቀበርነው። ነፋስ ነበር።

ሜይ 2

የሱቁ ሰውዬ ስሙ ከልጄ ስም ጋር አንድ ነው። ነጭ ነው፤ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ "ኩማንጃይ፣ ዳቦ ስጠኝ"፣ "ኩማንጃይ፣ መልሴስ?" ይለዋል። ግራ ገባው።

"እማማ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" ብሎ ኤልሲን ጠየቃት።

"ምንም። ስምህ ሐዘን ላይ ነው" አለችው። "አንተ ግን ሥራህን ቀጥል።"

ሳቅኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው አፈርኩ።

ሜይ 9

ያው ሰውዬ ሊያጽናናን ብሎ ዛሬ የልጄን ዘፈን በሱቁ ድምፅ ማጉያ ከፈተው። ሰው ሁሉ የያዘውን ወለሉ ላይ ጥሎ ወጣ። ዱቄት፣ ስኳር፣ የሕፃን ወተት... ሱቁ በአንዴ ባዶ። አንዷ አሮጊት ጆሮዋን ይዛ ጫማዋን ትታ ሮጠች።

ሰውዬው እንባው እየወረደ ተከትሎን ወጣ። "ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው!"

"ደግ ነው የሠራኸው፣ ልጄ" አለው ወንድሜ ክላሪ። "አሁን ግን ሂድና አጥፋው።"

አንድ ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ሁሉም ሲሮጥ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀርቼ ነበር። ሦስት ስንኝ ሰማሁ። ሦስት... ኤልሲ ናት ጎትታ ያወጣችኝ።

ጁላይ 20

ብርድ። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ አደረ።

ፊዮና ከሜልበርን መጣች። የመጨረሻውን ፊልሙን የሠራችው ሴት ናት። እንደኛው መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣች። ደስ አለችኝ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ሌባ፣ ሰካራም፣ ለፖሊስ ዱካ የሚከተል ሰው ሲያደርጉት ኖሩ" አለች። "ዋና ሰው ሆኖ የሠራበት ይህ ብቻ ነው። ዘፈኖቹም የራሱ ናቸው፣ በቋንቋችሁ። በዚህኛው አይሞትም፤ አገሩ ይገባል። ያለ እናንተ ቃል ግን ለማንም አላሳየውም።"

ክላሪ እኔን አየኝ። ከዚያ እሷን።

"እምቢ። ገና ነው" አለ።

የእናት ወንድም እምቢ ካለ አለቀ። ፊዮና ራሷን ነቅንቃ "እጠብቃለሁ" አለችና ሄደች።

ክላሪን ተናደድኩበት። ምን ቸገረው? የእሱ ልጅ አይደለ። ለእሱ ሻይ አልቀዳሁለትም።

ሴፕቴምበር 6

ልደቱ ነው። አርባ ሦስት ይሞላው ነበር።

ጊታር የተማረው በመነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሦስት ክር ብቻ የቀረው አሮጌ ጊታር። "ሦስቱ ይበቃሉ፣ የቀሩት ለጉረኛ ናቸው" ይል ነበር። ከጓደኞቹ ጋር በእግር ኳስ ውድድር ሰሞን የጭነት መኪና ላይ ወጥተው ሲዘፍኑ ከከተማ የመጡ ሰዎች ሰሙት። ወሰዱት። መጀመሪያ ዘፈን፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ፊልም። አንዱ የፊልም አለቃ "ጮክ ብለህ ተናገር" ቢለው፣ "በእኛ አገር ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው የሚደመጠው" አለው። እንደዚያው ተወለት።

በየጃንዋሪው ይመጣል። ሲድኒ ሆቴል ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው እዚህ ወለል ላይ ዘርግቶ ሁለት ቀን ይተኛል።

አንድ ጊዜ ግን አልመጣም። አባቱ ሲቀበር።

ይብቃኝ ለዛሬ።

ፌብሩዋሪ 17

ክላሪ ጠዋት በመኪናው መጣ። ሞተሩን አጠፋ፤ አልወረደም። ሄጄ በመስኮቱ አናገርኩት።

"እቴ፣ ያ ስለ ዝናብ የዘፈነው ዘፈን..." አለኝ። "ሁለተኛው ስንኝ ጠፋብኝ። ሦስት ቀን ፈለግኩት። የለም። ድምፁም እየራቀኝ ነው።"

ሽማግሌ ነው። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

"ታዲያ አንተ አይደለህ የዘጋኸው?" አልኩት። "ፊዮናን የመለስካት አንተ!"

"እኔ?" አለ። "ለአንቺ ብዬ እንጂ! ስታናግረን ፊትሽን አየሁት። ሬሳ መስለሽ ነበር። ቃሉ ያንቺ ነው፣ ማቪስ። አልቻልሽም። እምቢታውን እኔ ተሸከምኩልሽ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"መች ቀርቤ? ሰባት ወር ሙሉ ሻይ እንኳ ከለከልሽኝ!"

ቀዳሁለት። አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረበት፣ ከነካሳው።

ፌብሩዋሪ 18

እሺ... ልጻፈው።

አባቱ ሲሞት ልጄ ሲድኒ ሥራ ላይ ነበር። አልለቀቁትም። ወይስ አጥብቆ አልጠየቀም? እስከዛሬ አላወቅኩም። ቀብሩ አለፈ። በሳምንቱ ደረሰ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ግንባሩን ነጭ ተቀብቶ። ጀርባዬን ሰጠሁት። ሁለት ዓመት አላናገርኩትም። ሲደውል ስልኩን ለኤልሲ አቀብላለሁ። ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝ "ያኛው" እል ነበር። በሕይወት ያለ ልጄን! ስሙን ማንም አልዘጋው፤ እኔ ነኝ በቂም የዘጋሁት። በኋላ ታረቅን። እሱ ረሳው። ረሳሁ አለኝ፣ ቢያንስ።

አሁን ደንባችን ሲዘጋው ተመቸኝ። ሁሉም ዝም ሲል የእኔ ዝምታ አይታወቅም። ስሙን ለመክፈት ቀድሞ መጥራት ያለበት የእናት አፍ ነው። ይህ አፌ...

ኤልሲን "ለክላሪ ንገሪው፣ እሺ ብላለች በይው" አልኳት። "ለፊዮናም ይደወልላት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ሂጂ።"

ማርች 30

ትናንት ወንዶቹ እርጥብ ቅጠል አንድደው ቤቱን በጭስ አጸዱት። ዛሬ ገባን። ከቀትር በኋላ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን፤ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍነዋል። ፊዮና ፊልሙን ይዛ ከኋላ ቆማለች። ከሩቅ መንደሮች ሁሉ ሰው መጥቷል።  እኔን ነው የሚጠብቁት።

ተነሣሁ። አፌን ከፈትኩ... ምንም የለም። እንደገና። ምንም። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ክላሪ ወለሉን አየ።

"አይዞሽ፣ ጊዜሽን ውሰጂ" አለች ኤልሲ። "ዓመት ቆይተናል፣ ደቂቃ አያቅተንም።"

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር ስሙ ወጣ። ትንሽ ልጅ ሳለ ከወንዙ ለምግብ እጠራው እንደነበረው፣ እየጎተትኩ፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ ኤልሲ ጠራችው። ከዚያ ክላሪ። ከዚያ ቤቱ ሙሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። መብራቱ ጠፋ፤ ልጄ መጣ፤ ዘፈነ። ክላሪ ሁለተኛውን ስንኝ አብሮት ዘፈነ።

አሁን ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ገና ፀሐይ አለ። ቀስ ብዬ ልጻፈው፣ እንዳላበላሸው።

ሌስተር። ልጄ ሌስተር ይባላል።

ሁለት ዓመት በቂም፣ አንድ ዓመት በደንባችን ሳልጠራው ቀርቻለሁ። እኔ አርጅቻለሁ፤ የቀረኝ ዕድሜ ያን ለማካካስ አይበቃኝም። ከእኔ በኋላ ይህን ደብተር የምታገኙት፣ ማንም ሁኑ፣ የትም ሁኑ፣ በጸሎታችሁ "የማቪስ ልጅ" ብላችሁ አትለፉት። እባካችሁ፣ በስሙ እየጠራችሁ ጸልዩለት።