የብዙወርቅ መንጦላዕት

ፀሐይቱ ወዳጄ፣ ባቡሩ አቃቂ በሰላም አወረደኝ፤ ልቤ ግን ሰላም አላገኘም። ታናሽ እህቴ ብዙወርቅ ለደብሩ መንጦላዕት አሠርታ ትናንት ተሰቀለ። ቀይ ሐር ነው፤ ዘርፉ ሁሉ ወርቅማ። መሪጌታው ቃሉን ሲያስረዱን፣ «አንጦልዐ በግዕዝ ሸፈነ፣ ጋረደ ማለት ነው፤ መንጦላዕትም መቅደሱን የሚጋርድ ነው» አሉ። የእሷ ግን እሷን አልጋረዳትም፤ የክርስትና ስሟ መዳፍ በሚያህል ፊደል ተጠልፎበታል። ማንበብ ስለማትችል በሰው ፊት፣ «እትዬ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ። ሽበት አውጥቼ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ኖሯል! «ወለተ ሥላሴ» አልኳት። «እንደገና በይልኝ» ብላ አለቀሰች። ደግሜ አነበብኩላት። እኔም አለቀስኩ፤ ሰዉ ደስ ብሏት ነው አለ፤ እኔ ግን ቅናት ነው ያስለቀሰኝ።

የእኛው ደብር መጋረጃ በድሬዳዋ ፀሐይ ነጥቶ አልቋል። ለአለቃ ዛሬውኑ ንገሪልኝ፤ የማሠራው እኔ ነኝ፣ የሌላ ሰው ስለት እንዳይቀበሉ። የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ አያ ቀናውን እንዴት ነህ በይልኝ። ደግሞ የእኔ ስም ፊደል ከእሷ ፊደል በአንድ ጣት ቢበልጥ ኃጢአት ይሆን እንደሆነ አለቃን ቀስ ብለሽ ጠይቂልኝ።

አስካለማርያም